ስለ አፍተ ግር በሽታ፤ ቫይረሱ የሕዋስን ፕሮቲን ቈርጦ የከብትን ዘበኛ ዝም እንደሚያሰኝ

የእርሻ ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ትናንት ቀንበር ተሸክሞ የዋለ በሬ በማግሥቱ ከበረት አልወጣም ብሎ ይገኛል። ከአፉ ለሃጭ እንደ ክር ይወርዳል፤ ምላሱ ተልጧል፤ በሰኰናውም መካከል ቍስል ወጥቶበታል። ገበሬው ይህን ባየ ጊዜ በሽታው አፍተ ግር መሆኑን ለመጠርጠር ሐኪም መጥራት አያስፈልገውም። የጐለመሰ ከብት በዚህ በሽታ የሚሞተው ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «ይታመማል፣ ይድናል» እያለ ነገሩን ያቃልለዋል። ነገር ግን መቆም ያቃተው በሬ አያርስም፤ የሰኔና የሐምሌ ቀን ካለፈ በኋላ በሬው ቢድንም ያልታረሰው መሬት ያንን ዓመት ጦሙን ያድራል። የላሟ ወተት ይደርቃል፤ ቫይረሱም የጥጃውን ልብ ስለሚጐዳ፣ ጥጃው ቍስል እንኳ ሳይወጣበት ድንገት ወድቆ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱን በሞቱት ከብቶች ቍጥር ብቻ የሚመዝን ሹም ሚዛኑን ስቷል።

በዚህ በሽታ ነገር ከሁሉ የሚያስገርመው ፍጥነቱ ነው። ጤነኛ የሆነና የጠገበ በሬ፣ በደሙ ውስጥ ብዙ ዐይነት መከላከያ እያለው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዴት ይሸነፋል? ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ መገኘት የጀመረው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። መልሱም ቫይረሱ ዘበኛውን በጕልበት የሚያሸንፍ ሳይሆን፣ ዘበኛው ሳይጮኽ አፉን የሚይዝ መሆኑ ነው። ገበያ ይዘጋ፣ ክትባት ይሰጥ፣ ናሙና ይላክ እየተባለ ወደ ወረዳ የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ሹም ምክንያቱን ቢያውቀው በጊዜው ለመፈጸም ይረዳዋል።

በ1897 የጀርመን መንግሥት ፍሪድሪሽ ሌፍለርና ፓውል ፍሮሽ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በሽታውን እንዲመረምሩ አደረገ። እነርሱም ከታመመ ከብት የውኃ ቋጠሮ ፈሳሽ ወስደው፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ እጅግ ጠባብ ማጥለያ አጥልለው ለጥጃ ቢሰጡት ጥጃው ታመመ። ፈሳሹ መርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጥጃ ወደ ጥጃ ሲተላለፍ እየሳሳ በጠፋ ነበር፤ ኀይሉ ግን አልቀነሰም። ከዚህ የተነሣ ከባክቴሪያ የሚያንስና የሚራባ ነገር መኖሩን ተረዱ፤ በ1898ም ይህንኑ ገለጹ። የእንስሳ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምርመራው ለአካባቢው ከብት የሚያሰጋ ስለሆነ በ1910 በባልቲክ ባሕር ወዳለችው ወደ ሪምስ ደሴት ተዛወረ። አሜሪካኖችም በኋላ ዘመን የራሳቸውን ምርመራ ፕለም በምትባል ደሴት ላይ አደረጉ። ሊቃውንቱ ራሳቸው በባሕር ካልታጠረ የማያምኑትን በሽታ፣ የእሾህ አጥር ያቆመዋል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ቫይረሱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሠላሳ ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። በቅርፊቱ ውስጥ የያዘው ከ8,000 በሚበልጥ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት ነው፤ ይህም አር ኤን ኤ ይባላል። ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ስንቅም የለውም። ለመራባት የግድ ወደ ሕያው ሕዋስ ገብቶ በሕዋሱ ሠራተኞች መገልገል አለበት።

ሕዋስ ማለት የከብቱ አካል የተሠራበት ትንሹ ክፍል ነው፤ ውስጡም እንደ አንድ ግዛት የተደራጀ ነው። በመካከሉ ኒውክለስ የሚባለው መዝገብ ቤት አለ፤ ከዚያ ፕሮቲን ለማሠራት የሚወጣ ትእዛዝ በራሱ ላይ ማኅተም የመሰለ ምልክት ተደርጎበት ይወጣል። በውጭ ያሉት ሠራተኞች፣ ራይቦሶም የሚባሉት፣ ትእዛዙን እያነበቡ ፕሮቲን ይሠራሉ። ፕሮቲንም ለሕዋሱ ግድግዳው፣ መሣሪያውም፣ ዘበኛውም ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ትእዛዙን በራሱ አያገኘውም፤ በመካከል አገናኝ አለ። ሊቃውንት ኢአይኤፍ 4ጂ የሚሉት ይህ አገናኝ ራሱ ፕሮቲን ሲሆን፣ በአንድ ወገን ማኅተሙን ከሚይዘው ባልንጀራው ጋር ተያይዞ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሠራተኛውን ስቦ ሁለቱን ያቀራርባል።

ሕዋሱ እንግዳ መልእክት ወደ ቤቱ መግባቱን ሲያውቅ ዝም አይልም። ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ ወደ ውጭ ይልካል፤ ይህም በጎረቤት ሕዋሳት ዘንድ እንደ ነጋሪት ይሰማል። የሰሙትም ጎረቤቶች ቫይረሱ ሳይደርስባቸው መከላከያቸውን ያዘጋጃሉ። ይህን ነገር በ1957 በለንደን ሚል ሂል በሚባል ሰፈር አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የሚባሉ ሊቃውንት አገኙት። የአፍተ ግር ቫይረስ በኢንተርፌሮን ፊት እጅግ ደካማ ነው፤ ጎረቤቶች ነጋሪቱን ቀድመው ከሰሙ አይስፋፋም። ስለዚህ ኑሮው ሁሉ ነጋሪቱ እንዳይመታ በማድረግ ላይ የቆመ ነው።

የቫይረሱ መልእክት በሕዋሱ ውስጥ ሲነበብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው «መሪ» የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ስሙም የተሰጠው በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ ነው። ሥራው መቍረጥ ነው። በመጀመሪያ ከወንድሞቹ ራሱን ቈርጦ ይለያል፤ ቀጥሎም ያንን አገናኝ አግኝቶ ከወገቡ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ማኅተም ወደሚያዝበት ያለው ግማሽ ለብቻው፣ ሠራተኛውን የያዘው ግማሽ ለብቻው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከመዝገብ ቤቱ የሚወጣው ማኅተም ያለበት ትእዛዝ አንባቢ ያጣል። «ኢንተርፌሮን ይሠራ» የሚለው ትእዛዝም ማኅተም ካላቸው አንዱ ስለሆነ፣ ተጽፎ ሳለ ሳይነበብ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሕዋሱ በተያዘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው «አገናኙ ከተቈረጠ የቫይረሱስ መልእክት በማን ይነበባል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የተንኮሉ ጥልቀት በዚህ ነው። የቫይረሱ መልእክት ከመጀመሪያውም ማኅተም የለውም። በዚያ ፈንታ በልዩ አኳኋን የተጠማዘዘ አንድ ክፍል አለው፤ ይህም ክፍል ከተቈረጠው አገናኝ ሠራተኛውን የያዘውን ግማሽ በቀጥታ ይይዛል። ስለዚህ አገናኙ በመቈረጡ ቫይረሱ ምንም አልጐደለበትም፤ ይልቁንም የሕዋሱ ሠራተኞች ሌላ የሚያነቡት ስለሚያጡ ለእርሱ ያድራሉ። ነገሩ የግዛቱን ማኅተም ሽሮ፣ በግዛቱ ጸሐፊዎች የራሱን ደብዳቤ እንደሚያስጽፍ ወራሪ ነው።

መሪው ፕሮቲን በዚህ ብቻ አያበቃም። ሕዋሱ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲኖቹን ለሥራ ሲያነሣሣ ዩቢኩቲን የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ መሪው ይህን ምልክት ከላያቸው ላይ ያነሣዋል። ምልክቱ የተነሣበትም ዘበኛ መሣሪያውን እንደያዘ ትእዛዝ ሳይደርሰው እንደ ቆመ ወታደር ይሆናል። አይኤስጂ 15 የሚባል ሌላ ምልክትም አለ፤ ይህም ኢንተርፌሮን በተሰማ ጊዜ በብዛት የሚሠራ ነው። መሪው ይህንን ሲቈርጥ ሙሉ በሙሉ አይነቅለውም፤ ጥቂት ጫፍ በፕሮቲኑ ላይ ያስቀራል። የተቈረጠው ምልክት ዳግመኛ አይለጠፍም፤ የቀረው ጫፍ ግን የወንጀሉ ምስክር ሆኖ ይኖራል። በ2018 የወጣ ምርመራ ይህን ጫፍ በመፈለግ ቫይረሱ የሠራበትን ሕዋስ መለየት እንደሚቻል አስረድቷል። ሌባው ቢላዋውን በረቱ ውስጥ ረስቶ እንደሄደ ያለ ነው።

ቫይረሱ 3ሲ የሚባል ሁለተኛ ቈራጭ አለው። እርሱም የማስጠንቀቂያውን ወሬ ወደ መዝገብ ቤቱ ከሚያደርሱት አንዱን፣ ኒሞ የሚባለውን ፕሮቲን ይቈርጣል፤ በመዝገብ ቤቱም ውስጥ መዝገቡ የተጠቀለለበትን ሂስቶን የሚባለውን ፕሮቲን ጫፉን ይቈርጣል። ሌሎች የቫይረሱ ፕሮቲኖች ደግሞ መንገድ ይዘጋሉ። ጤነኛ ሕዋስ በውስጡ የሚሠራውን የየፕሮቲኑን ቍራጭ በገጹ ላይ እንደ ናሙና ያወጣል፤ በአካል ውስጥ የሚዞሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን እያዩ ባዕድ ያለበትን ቤት ያውቃሉ። በአፍተ ግር የተያዘው ሕዋስ ግን ናሙናውን ወደ ገጹ የሚያወጣበት መንገድ ስለሚጠብበት፣ ዘበኛው በደጁ ሲያልፍ የሚያየው ነገር ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በ1990ዎቹ በፕለም ደሴት የሚሠሩ መርማሪዎች የመሪውን ፕሮቲን ጽሕፈት ከቫይረሱ መልእክት ውስጥ አውጥተው ጣሉት። እንዲህ የሆነው ቫይረስ ኢንተርፌሮን መሥራት በማይችሉ ሕዋሳት ውስጥ ተራባ፤ በሚሠሩት ውስጥ ግን ሊስፋፋ አልቻለም። በከብትም ላይ በትንፋሽ መንገድ ሲሞከር በሽታው እንደ ልማዱ በአካላቸው አልተሰራጨም። አንድ ቢላዋ ቢነሣበት ያ ሁሉ አስፈሪነቱ ወደቀ። በ2003 ደግሞ አሳማዎች አስቀድመው ኢንተርፌሮን በአካላቸው እንዲሠሩ ተደርገው፣ በማግሥቱ ቫይረሱ ቢሰጣቸው ሳይታመሙ ቀሩ። ይህ ዘዴ በከብት ላይ ሲሞከር ያን ያህል ስላልሠመረ፣ ከምርመራ ቤት ወጥቶ ለገበሬው የሚደርስ መድኀኒት ገና አልሆነም። በገበያ ለሚሸጠው አንቲባዮቲክም ይህ ቫይረስ ምኑም አይደለም፤ እርሱ የሚጠቅመው በተላጠው ምላስና በቈሰለው ሰኰና ላይ ተጨማሪ ባክቴሪያ ሲያመረቅዝ ነው። የታመመውን በሬ በደረቅ ስፍራ ማሳረፍ፣ ለስላሳ መኖ መስጠትና ቍስሉን ማጠብ ገንዘብ ሳይፈጅ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ቫይረሱ በዚህ ሁሉ ተንኮል የሚያተርፈው ዘላቂ ድል አይደለም፤ ጥቂት ቀን ነው። ሳምንት ባልሞላ ወይም ሳምንት ባለፈ ጊዜ ውስጥ የከብቱ ደም ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን ሠርቶ ቫይረሱን ከደሙ ያጠፋዋል፤ በሬውም ቀስ በቀስ ይድናል። እንግዲህ ቫይረሱ የሚፈልገው በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ሌላ ከብት ማግኘት ብቻ ነው። በሽታው በከብቱ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ቍስሉም ሳይታይ አስቀድሞ በወተትና በምራቅ ሊወጣ ይችላል። ጤነኛ መስሎ ወደ ገበያ የተነዳ ወይፈን ቫይረሱ የሚሻውን ሁሉ ያደርግለታል።

በ2001 በእንግሊዝ አገር የሆነው ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በየካቲት ወር በአንድ ማረጃ ቤት በነበሩ አሳማዎች ላይ ነው፤ መታወቁ በተረጋገጠ በሦስተኛው ቀን ከብት ከቦታ ቦታ እንዳይነዳ ተከለከለ። ትእዛዙ ፈጣን ነበር ሊባል ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ቫይረሱን የያዙ በጎች በሰሜኑ አገር በሄክሳምና በሎንግታውን ገበያ ተሽጠው ወደ ብዙ አውራጃ ተበትነው ነበር። በበግ ላይ ምልክቱ ቀላል ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። በመስከረም መጨረሻ ወረርሽኙ ሲያበቃ ከ2,000 በላይ እርሻዎች ተይዘው፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገድለው ነበር። መንገድም ስልክም የእንስሳ ሐኪምም ባልጐደለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ወሬው ከበረት እስከ ወረዳ በእግር በሚሄድበት ስፍራ አንድ ሳምንት ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ገበያ መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ፍየል ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ሊከፍል ለመጣ ሰው የተዘጋ ገበያ ራሱ በሽታ ነው። ዳግመኛም በወሬ ብቻ ሰፊ አገር ለብዙ ወር የሚዘጋ ሹም፣ ሕዝቡ በሚቀጥለው ጊዜ የታመመውን ከብት እንዲደብቅ ያስተምረዋል። ይሁን እንጂ «እስኪጣራ» እየተባለ አንድ ገበያ ማሳለፍ ከሁለቱም ይብሳል፤ ስለ ምን ቢሉ ቫይረሱ የሚለምነው ያችኑ አንዲት ገበያ ነውና። በሽታው በታየበት ቀበሌና በአጎራባቾቹ የቀንድ ከብትን፣ የበግን፣ የፍየልንና የአሳማን ተራ ብቻ ወዲያው ማቆም፣ የእህሉንና የሸቀጡን ተራ ክፍት መተው፣ የሚከፈትበትንም ቀን አብሮ መንገር ሕዝቡ ሊሸከመው የሚችል ነው።

ወደ ክትባቱ ስንመለስ፣ ክትባት የሚሠራው ከሕዋሱ ውጭ ነው። ቫይረሱ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዘበኛ ሁሉ ዝም ቢያሰኝም፣ ወደ ሕዋሱ ሳይገባ በመንገድ ላይ የሚይዘውን ፀረ እንግዳ አካል ግን በእነዚያ ቢላዎች ሊቈርጠው አይችልም። ስለዚህ ክትባት አስቀድሞ መድረስ አለበት። ቫይረሱ ከገባበት በኋላ የተከተበ በሬ በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ሲታመም፣ ባለቤቱ «መርፌው አሳመመብኝ» ይላል፤ ይህም ነገር በአንድ መንደር ከተነገረ የሚቀጥለውን ክትባት ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ከታቢዎቹ ይህን አስቀድመው ለሽማግሌዎች ቢያስረዱ መልካም ነው።

ቫይረሱም ከውጭ ያለውን ዘበኛ በሌላ መንገድ ያታልላል። መልእክቱን ሲገለብጥ ብዙ ስሕተት ስለሚሠራ፣ ቅርፊቱ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። በ1922 ቫሌና ካሬ የሚባሉ ፈረንሳውያን በአንዱ ዘር ታሞ የዳነ ከብት በሌላው ዘር እንደገና እንደሚታመም አሳዩ፤ ዘሮቹንም ከተገኙበት አገር ስም ኦ እና ኤ አሏቸው። ዛሬ የሚታወቁት ዘሮች ሰባት ናቸው፤ ከእነርሱ ሲ የሚባለው ከ2004 ወዲህ በየትም አልተገኘም። በአገራችን ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1ና ሳት 2 ተገኝተዋል። የዘሩ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2006 በግብፅ ታይቷል። በዚያ አገር ከብቱ ይከተብ የነበረው በኦ ዘር ላይ ነበርና፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ዘሮች ጋር የሚዛመድ የኤ ዘር በገባ ጊዜ የተከተበው ከብት እንዳልተከተበ ሆነ።

ስለ ደስታ በሽታ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች «እርሱስ እንዴት ጠፋ?» ብለው ይጠይቃሉ። ደስታ በ1880ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ያመጣ ነው፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የደስታም ቫይረስ የኢንተርፌሮንን ነጋሪት የሚያፍን ፕሮቲን ነበረው፤ በዚህ ከአፍተ ግር ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ደስታ በክትባት ረገድ አንድ ዘር ብቻ መሆኑና አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ለረጅም ዘመን መጠበቁ ነው። የአፍተ ግር ክትባት ግን ኀይሉ ስድስት ወር ያህል ነው፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል።

ባንዳንድ አገር የቈየ ልማድ አለ፤ የታመመውን ከብት ለሃጭ በጨርቅ ወስዶ የጤነኛውን አፍ ማሸት ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታሞ ቢድን የእርሻው ወራት ሳይደርስ ይገላገላል ማለት ነው። ጉዳቱ ግን ከዳኑት ከብቶች አንዳንዶቹ ቫይረሱን በጉሮሯቸው ውስጥ ለብዙ ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ከሦስት ዓመት በላይ መያዛቸው፣ ጥጆችም በዚያው መሞታቸው ነው።

የትኛው ዘር እንደ ገባ የሚታወቀው በናሙና ብቻ ነው፤ የትኛው ክትባት እንደሚላክም የሚወሰነው በዚያው ነው። ናሙናው የሚወሰደው ቋጠሮው ገና ሳይፈርጥ ወይም በፈረጠ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከምላሱ ከተላጠው ቆዳ ሲሆን፣ አንድ ግራም ያህል ይበቃል። ኮምጣጤና ሎሚ ቫይረሱን ስለሚገድሉት ናሙናው ሳይወሰድ አፉ በእነርሱ መታጠብ የለበትም፤ ከተወሰደ በኋላ ግን ለዕቃውና ለጫማው ማጠቢያ ይሆናሉ። ቆዳው ከእንስሳት ሐኪሙ በሚገኘው ግሊሰሪን ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ፣ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ወደ ሰበታ ወደ እንስሳት ጤና ምርመራ ቤት ይላካል። ከብቱ የተገኘበት ቀበሌ፣ ዕድሜው፣ መጀመሪያ የታመመበት ቀን፣ ከዚህ ቀደም የተከተበበት ወርና ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ የተጻፈበት ወረቀት ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ይሄዳል።